ሞተሩን አስደግፊው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደባርቅ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አረፉ እኮ!» ይለኛል። የምን ማረፍ! እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፤ ፈሪ ደግሞ ጡረታ የለውም። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔ ለእናቴም፣ ለሚስቴም፣ በሠራሁት ብረት ላይ ለሚቀመጠው ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስፈራ ኖሬያለሁ። ሙያዬ የሞተር ሳይክል ጥገና ነው። የጠገንሁት ከግቢ ሲወጣ ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ አዳምጣለሁ። ከጠፋም በኋላ «ያቺን የቡሎን ዳዶ አጥብቄያታለሁ ወይስ አላጠበቅኋትም?» እያልሁ ምሳዬ አይዋጥልኝም። ባልደረቦቼ ሲስቁብኝ ኖሩ፤ ይሳቁ፣ ምን ቸገረኝ።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ለሳቅ አይደለም። በመጨረሻዋ የሥራ ቀኔ፣ ሰዎች ስለ እኔ ጥንቃቄ ንግግር ሲያደርጉ፣ ልጄን ልገድላት ነበር። እሱን ለመናገር ከዳባት መጀመር አለብኝ፤ ያደረግሁት ነገር ምን ያህል ጥፋት እንደሆነ የተማርሁት እዚያ ነውና።

ዳባት፣ ከገበያው ጀርባ፣ አንዲት ጋራዥ ነበረች። ባለቤቷን ሁሉም ሰው «መሪጌታ» ይላቸዋል። መሪጌታስ አልነበሩም። የቅኔ ተማሪ ሳሉ ልባቸው ወደ ብረት ሄዶ፣ አኮፋዳቸውን ሰቅለው የመፍቻ ቁልፍ የጨበጡ ሰው ናቸው። «ምነው ከትምህርቱ ባልወጡ!» እያሉ የሚያሟቸው ካህናት ሳይቀሩ፣ የልጆቻቸው ዶቅዶቄ ሲበላሽ የሚያመጡት ለእሳቸው ነበር። እሳቸውም ሲቀበሉ «እንኳን ወጣሁ በሉኛ!» ብለው ይስቃሉ።

አስተማሪነታቸው ያው የቤተ ክህነቱ ነው። አንድ ቡሎን ሦስት ጊዜ ይታሰራል ይሉናል፤ መጀመሪያ ግእዝ፣ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። ግእዙ በጣት ብቻ ነው፤ ቁልፍ የሚባል ነገር አይነካም። የሚታሰሩት ቡሎኖች ሁሉ ቀዳዳቸው ውስጥ ገብተው፣ ዳዶአቸውን በጣት ይዘው እስኪቆሙ ድረስ አንዱም አይጠብቅም። አንዱን አስቀድሞ ያጠበቀ ሰው የቀሩትን ቀዳዳዎች ያዛንፋል። ውርዱ በቁልፍ እስከ ግማሽ ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተሻገሩ። ቁሙ የመጨረሻው ማጥበቅ ነው፤ ለእሱ እጅ በሳሙና ይታጠባል። «ግራሶ የነካው እጅ ይዋሻል» ይላሉ። በዚያ በዳባት ብርድ፣ በጠዋት፣ በቀዝቃዛ ውኃ እጄን ስታጠብ በሆዴ ያወረድሁባቸውን እርግማን እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መዶሻ በእሳቸው ጋራዥ በሣጥን ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው። የሣጥኑ ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። መዶሻ የሚፈልግ ሰው ፊታቸው ቆሞ ምን እንደሚመታ፣ ለምን እንደሚመታ ያስረዳል። እሳቸውም ጎንበስ ብለው በቀዳዳው ውስጥ ያያሉ። ሁለት ቀዳዳዎች ካልተገጣጠሙ፣ ከወዲያ በኩል የሚመጣው ብርሃን ጎደሎ ሆኖ ነው የሚታየው። «ጨረቃ ናት» ይሉና ቀና ይላሉ፤ መዶሻው ተከለከለ ማለት ነው። ሄደህ ሞተሩን ከሥር በክሪክ፣ ማለት በማንሻው፣ ጥቂት በጥቂት ከፍ ዝቅ እያደረግህ፣ ቀዳዳው ሙሉ ክብ ብርሃን እስኪሆን ትደክማለህ። ያን ጊዜ ቡሎኑ በሁለት ጣት ግፊት፣ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ሰተት ይላል።

አንድ ቀን ታዲያ ቸኮልሁ። የቅዳሜ ገበያ ነው፣ ባለ ዶቅዶቄው ቆሞ ይነተርከኛል፣ ቡሎኑ እምቢ አለኝ፣ መዶሻው ተቆልፎበታል። ምን አደረግሁ? ድንጋይ አነሣሁ። ሦስት ጊዜ መታሁት፤ ገባ። ዳዶውን አጠበቅሁና ላቤን ጠረግሁ። መሪጌታ ከኋላዬ ቆመዋል ለካ። ፈትተው አወጡትና የቡሎኑን ጥርስ በአውራ ጣቴ አስዳሰሱኝ። ተጨፍልቋል።

«ይኸ ቡሎን ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«ይይዛል፣ ጌታዬ።»

«አይይዝም። የያዘ ይመስላል። የላላውንስ ሰው ያየዋል፣ ያጠብቀዋል፤ የያዘ የሚመስለው ነው ገደል የሚከት። በል ያንን ሰውዬ አሁን እየው፤ ልጆች አሉት።»

አየሁት። ሰውዬው ምንም አልገባውም፤ ጥርሱን እየፋቀ ቆሟል። ፍርሃቴ ያን ዕለት ገባ፣ እስከ ዛሬም አልወጣም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ይኸኛውን ልብ በሉልኝ። በእሳቸው ጋራዥ «ሞተር» የሚባለው ነዳጅ የሚበላው፣ የሚነደው፣ መሐል ላይ ያለው ብረት ብቻ ነው። መላው ነገር፣ ከጎማው እስከ መሪው፣ «ዶቅዶቄ» ነው። ከተሜው መላውን «ሞተር» ሲለው ይቆጣሉ። ስለዚህ «ሞተሩን አስደግፍ!» ካሉን፣ ክሪክና ጣውላ ከሞተሩ ሥር አድርጉ፣ ቡሎኑ ሲወጣ ሞተሩ በክብደቱ እንዳይወርድ ማለታቸው ነው። አስደግፍ ማለት ይኸ ነው። እኔም ይቺን ቃል እንደተቀበልኋት ሠላሳ ዓመት ስናገራት ኖርሁ፤ ከጋራዥ ውጭ ያለ ሰው ሌላ ነገር ሊሰማባት እንደሚችል ለአንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

ከዳባት በኋላ ደባርቅ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። ገጠር ለገጠር የሚዞሩ ሠራተኞች የሚነዷቸውን መጠገን ነበር ሥራዬ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ እሱን እንተወው። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንደኛው ሰዓቱን በጣቱ እየመታ በር ላይ ይቆምብኝ ነበር። ሌላኛው አንድ ዶቅዶቄ «ለጉዞ ብቁ ነው» ብዬ እንድፈርም ወረቀት ይዞ መጣ። የሞተሩ የፊት ማሰሪያ ላይ ስንጥቅ አይቼ ነበርና አልፈርምም አልሁት።

«አንተ መካኒክ ነህ ወይስ ባሕታዊ? ሁሉን ነገር እንደ ኃጢአት ነው የምታየው!» አለኝ።

በወሩ ጃን አሞራ ተመደብሁ። ሁለት ዓመት እዚያ ብርድ ላይ ተቀመጥሁ። ግን ይኸው ሰውዬ በኋላ እሱ ራሱ ለመስክ ሲወጣ «ያሰረው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔ ነኝ ካልሁት ዝም ብሎ ይወጣበታል። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአለቃ አግኝቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ትርንጎ ትባላለች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጋራዡን ማዘውተር ትወድ ነበር። አንድ ቀን ጣቷን ወደሚሽከረከር ሰንሰለት ስትሰድ አየሁና ጮኼ ገፈተርኋት። «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ!» አልኋት። እናቷ «ምነው፣ ታስተምራት እንጂ!» ብትለኝም አልሰማሁም። የሰው ልጆች አስተማርሁ፣ የራሴን በፍርሃት አባረርሁ። ልጅቷ አድጋ የእንስሳት ሐኪም ሆና በየዳ ወረዳ ተመደበች። እዚያ በጎች ለመከተብ ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞረው በምን መሰላችሁ? በዶቅዶቄ። እኔ ስሸሽ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

የበየዳን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮረቱ ይንሸራተታል፣ ጭጋጉ ድንገት ይመጣል፣ በአንድ ወገን ተራራ በአንድ ወገን ዓይን የማይደርስበት ገደል ነው። ትርንጎ አንዴ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ቀላል ነበር፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ከጎንደር መከላከያ ብረት ገዝቼ ላክሁላት፤ ከሞተሩ ፊት በግራና በቀኝ የሚገጠም፣ ሲወድቁ እግርን የሚያድን ቀለበት ነው። የሚታሰረው ሞተሩን ከቴላዮው፣ ማለት ከአካሉ ብረት፣ ጋር በሚያያይዙት ቡሎኖች ላይ ነው። የድሮው ቡሎን ይወጣል፣ መከላከያው መሐል ይገባል፣ ረዘም ያለ ቡሎን ይተካል። ቀላል ይመስላል። ሞተሩ ካልተደገፈ ግን ቡሎኑ እንደወጣ ሞተሩ ይወርዳል፣ ቀዳዳው ይዛነፋል።

«አባባ፣ ቅዳሜ ለጡረታህ ድግስ ስመጣ አንተው ትገጥምልኛለህ» አለችኝ።

እምቢ ያልሁ እኔ ነኝ። «ያለ መከላከያ ያን መንገድ አትመጪም! እዚያው ግቢሽ ግጠሚው፣ በስልክ እመራሻለሁ» አልኋት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው። ብረቱን ጎኗ ይዛ በአውቶቡስ ብትመጣ ምን ነበረበት?

ዓርብ ጠዋት ደወለች። ቁልፍ ተውሳለች፣ ቡሎኖቹን በተርታ ጨርቅ ላይ አድርጋለች።

«ልፍታ፣ አባባ?»

«ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ ሞተሩን አስደግፊው። ሳታስደግፊ አንዲት ቡሎን እንዳትነኪ፣ በሞቴ!»

ትንሽ ቆየች፤ ስታቃስት ይሰማኛል።

«እሺ፣ አስደገፍኩት።»

«ጠንከር አድርገሽ?»

«ኧረ ንቅንቅ አይልም።»

«ጎበዝ። አሁን ደግሞ ሁለቱን አንዴ እንዳታወጪ፤ መጀመሪያ የላይኛውን...» ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ የበየዳ ኔትወርክ እንደ ጭጋጉ ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል። ዋናውን ነገር ነግሬያታለሁ ብዬ ተጽናናሁ።

ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ሽኝት አደረገልኝ። ዓርብ ነውና ሽሮና ምስር ቀርቧል። ኃላፊው ቆመው «እኚህ ሰው በሥራ ዘመናቸው አንዲት ቡሎን ሳይፈትሹ አላለፉም» ሲሉ ሰው አጨበጨበ። በዚያ መሐል ስልኬ ጮኸ፤ ትርንጎ ናት። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት።

«አባባ፣ ገባ! ቀዳዳው እምቢ ብሎኝ ነበር፣ በመዶሻ ትንሽ ረዳሁት። አሁን ግን ጥብቅ ብሏል!»

ሰምቻለሁ። መዶሻ ስትል ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ጋቢ ዘርግተው ሊያለብሱኝ ቆመዋል፤ ኃላፊው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ሁሉም ሰው እኔን ያያል።

«እሰይ! ጎበዝ!» አልኋትና ዘጋሁት።

ጋቢውን አለበሱኝ። ተቀምጬ ሽሮዬን ስቆርስ ያቺ «መዶሻ» የምትል ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። ተነሥቼ ወጥቼ መደወል ነበረብኝ። «ፍቺው፣ አትንጂው፣ እዚያው ይቁም» ማለት ነበረብኝ። ግን አፈርሁ፤ ሰው ለእኔ ብሎ ተሰብስቦ ጥዬ መውጣቱ ከበደኝ። ደግሞም ለራሴ ማባበያ አላጣሁም። አስደግፋዋለች፣ እንዲያ ከሆነ ቀዳዳው ቢዛነፍ የጥፍር ያህል ነው፣ ለጥፍር ያህል አንድ ሁለት መምታት ምን ያደርጋል፣ ደግሞ ነገ ስትመጣ አየዋለሁ አልሁ። ነገ ስትመጣ! የምትመጣው በዚያው ላይ ተቀምጣ መሆኑን እያወቅሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ዶሮዋን ስትሠራ እኔ ደጅ ላይ ቆሜ ነበር። ጎረቤታችን አስተማሪው ደምሴ በዶቅዶቄው መጣና አጥራችን ሥር ቆመ።

«ጋሼ፣ የማቆሚያው እግር ተሰብሮብኛል። ሞተሬን አጥርዎ ላይ ላስደግፋት?»

«አስደግፋት» አልሁት።

ከአፌ ሲወጣ ወደ እሱ ዞርሁ። ቆሜ አየሁት። ዶቅዶቄዋን ገፋ፣ አቃሰተ፣ አጥሩ ላይ ጋደል አደረጋት፣ ነቅነቅ አድርጎ ሞከራት። «ንቅንቅ አትልም» አለ። ልጄ ያለችውን ቃል በቃል አለው።

በስመ አብ! ትርንጎ ሞተሩን አላስደገፈችም። ግድግዳ ላይ ያስደገፈችው ዶቅዶቄውን ነው! ለእሷ ሞተር ማለት መላው ነው፤ ለደምሴም፣ ለአገሩ ሰው ሁሉም እንደዚያው ነው። የሞተሩን ቋንቋ እንዳትማር ያባረርኋት እኔ ነኝ። ከሥሩ አንዳች ነገር የለም፣ ዶቅዶቄው በጎኑ ጋደል ብሏል፣ ስልኩ ተቋርጦ ሳትሰማኝ ሁለቱን ቡሎን አንዴ አውጥታለች፣ ሞተሩ ወርዷል። የጥፍር ያህል ሳይሆን የአውራ ጣት ያህል ተዛንፏል። ያንን ነው በመዶሻ ያስገባችው። የቡሎኑ ጥርስ ምን እንደሆነ ሳላየው አየሁት።

ደወልሁ። ስልኳ አይሠራም። ጎረቤቷ ጋ ደወልሁ፤ «ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ ሄዳለች፣ የአባቴ ድግስ ነው ብላ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በቅጡ አላስታውስም። ጋቢዬን እንደለበስሁ ወደ መናኸሪያው ሮጥሁ። ወደ በየዳ ስኳርና ዘይት የጫነ መኪና ሊነሣ ነበር፤ ሾፌሩን ማሩን ከድሮ አውቀዋለሁ። ጎኑ ዘልዬ ወጣሁ።

«ምን ሆነው ነው ጋሼ? ሰው ሞተ?» አለኝ።

«ንዳ፣ ማሩዬ። በእናትህ ንዳ።»

ሳንቃ በር የሚባለውን ቦታ ካለፍን በኋላ መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ ይሄዳል። በየመታጠፊያው በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ቁልቁል አያለሁ። ቀይ ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ትቆማለች፤ የሷ ዶቅዶቄ ቀይ ነው። አንዴ ቀይ ጨርቅ የተሰጣበት ቁጥቋጦ ሆኖ ተገኘ። አንዴ የዘይት ጀሪካን። ማሩ መጀመሪያ ላይ ሊያጫውተኝ ሞከረ፣ በኋላ እሱም ገደሉን ገደሉን ማየት ጀመረ። እኔ እንደ ዳዊት ደጋሚ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ጸሎት ግን አልነበረም። «ቡሎኑ ስንት ጥርስ ይዞ ይሆን? አራት ከያዘ ትደርሳለች። ሦስት ከያዘ ቧሂት ተራራ ድረስ ትመጣለች። ሁለት ከሆነ...» እያልሁ ነበር የምቆጥረው።

ሁለት በቅሎ የሚነዱ ሽማግሌ አገኘን። ማሩ አቆመ።

«አባቴ፣ ዶቅዶቄ የምትነዳ ሴት አጋጥማዎታለች?»

«የበግ ሐኪሟን ነው? አዎን፣ ጠዋት ከቧሂት ማዶ አልፋኛለች፤ እኔ በበቅሎ መንገዱ አቋርጬ ቀደምኋት። እንዴት ያለች ልጅ! እጇን አውለብልባልኛለች።»

«ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ብቻ ብረቷ ይንኳኳል። ከሩቅ ነው የሰማኋት፣ የከብት ቃጭል ይመስል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።»

ተላቅቋል ማለት ነው። አሁንም እየነዳችው ነው። ድምፁን እንደ አዲስ ዕቃ ድምፅ ቆጥራው ይሆናል፤ አባቷ «እሰይ» ብሏታላ! እሪ ብዬ ማልቀስ አማረኝ፣ ግን እንባውም አልመጣ አለ። ሽማግሌው ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ ልጅህ ናት?» አሉኝ። ማሩ መኪናውን አንቀሳቀሰ።

ወደ ቧሂት ሽቅብ ስንወጣ፣ አንድ መታጠፊያ ላይ፣ በመንገዱ ላይ የተጋደመ ቀይ ብረት አየሁ። ሰው የለም። መኪናው ሳይቆም ወረድሁ። የመከላከያው አንዱ እግር ከቦታው ወልቆ መሬቱን እንደ ማረሻ አርሶታል። ፈሩን ተከትዬው ሄድሁ፤ ወደ ገደሉ ነው የሚሄደው። ጠርዙ ዘንድ አንድ ክንድ ሲቀረው ቀጥ ብሏል። ወደ ታች ማየት አለብኝ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ። እግዚአብሔር ይወቀው፣ በዚያች ሰዓት ከማየት ራሴን ብወረውር ይቀለኝ ነበር።

«አባባ፣ እዚህ ነኝ» አለችኝ።

ዞር ስል በተራራው በኩል፣ ከአለት ሥር፣ ክንዷን አቅፋ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ብረቱ መሬት ሲወጋ አሽቀንጥሮ የወረወራት ወደ ተራራው ነው፤ ዶቅዶቄው ወደ ገደሉ፣ እሷ ወደ ተራራው። ይኸን እኔ አላደረግሁም፣ መሪጌታም አላስተማሩኝም። አንድዬ ነው።

ሮጬ ተንበረከክሁ። ልነካት ፈራሁ፤ የቱጋ እንደተሰበረች አላውቅም። ማሩ ክንዷን በነጠላው ሲያስር እኔ ተነሥቼ ቡሎኑን ፈለግሁት። አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ኮረት ውስጥ አገኘሁት። ጥርሱ ተጨፍልቆ ልስልስ ብሏል፤ ዳዶው የያዘው ሁለት ጥርስ ብቻ ነበር።

ትርንጎ ቡሎኑን እጄ ላይ አየችው። ከዚያ እኔን አተኩራ አየችኝ።

«መዶሻውን ስልህ አልሰማኸኝም ነበር» አለችኝ። «ኔትወርኩ ነው።»

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ይገባኝ ነበር። ማሩ አለ፣ እሷ በሕመም ታቃስታለች።

«አዎን» አልሁ። «ኔትወርኩ ነው።»

ደባርቅ ሆስፒታል ክንዷን በጀሶ አሰሩላት። እናቷ የሠራችውን ዶሮ ጎረቤት በላው። ከዚያ ወዲህ ነበር የእኔ አዲሱ ፍርሃት የጀመረው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ትርንጎ «ስልኩ ተቆራርጦብን ነው እንጂ አባባማ ቢሰማ ያስቆመኝ ነበር» ትላለች። ሰውም «እንዴታ! እሳቸው!» ይላል። እኔ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ በየቀኑ ልነግራት ተነሥቼ በየቀኑ እመለሳለሁ። ሞታ ቢሆን ኖሮ ይቺን ውሸት ተሸክሜ እቀበር ነበር፤ ድና ስታየኝ ግን ውሸቱ የበለጠ ከበደኝ። ብታውቅ ሁለተኛ አባባ ብላ የምትደውልልኝ አልመሰለኝም።

ጀሶው በተፈታ በሳምንቱ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ተነሣች። «ከእንግዲህ በዚህ አትሄጂም» ብላት «በጎቹን ማን ይከትባቸው፣ አንተ?» አለችኝ። እንግዲያው ነይ አልኋትና ግቢ ውስጥ ጨርቅ ዘረጋን። ልጄ የሞተር ሥራ ከእኔ ስትማር ይኸ የመጀመሪያዋ ነው። ክሪኩንና ጣውላውን ከሞተሩ ሥር አስገባች። አንዱን ቡሎን ብቻ አወጣች። በቀዳዳው አየች፣ ክሪኩን ጥቂት ከፍ አደረገች፣ እንደገና አየች። የተሻለች ተማሪ ጋራዥ ውስጥ አልነበረኝም። አዲሱን ቡሎን በሁለት ጣት ገፋችው፣ ገባ። ዳዶውን በጣቷ ስታዞር፣ ለመናገር ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ትርንጎ» አልኋት። «ያን ዕለት መዶሻ ስትይኝ ሰምቻለሁ።»

እጇ አልቆመም።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«እንዴት ታውቂያለሽ? ኔትወርኩ ነው ስትዪ አልነበረም እንዴ?»

«አባባ፣ ሰምተህ አይደል እንዴ እሰይ ያልከኝ? ጭብጨባው ሁሉ ይሰማኝ ነበር፤ ኔትወርኩ እንደዚያ ሰዓት ጥርት ብሎ አያውቅም።»

ምድር ብትውጠኝ በወደድሁ። «ታዲያ ለምን ሰው ፊት ለእኔ ዋሸሽ?» አልኋት።

ቀና አለች። ክንዷ ጀሶው የነበረበት ቦታ አሁንም ገርጥቷል።

«መንገዱ ላይ ቡሎኑን ይዘህ ስትመጣ ፊትህን አላየኸውም» አለችኝ። «እኔ የተሰበርኩት ክንዴን ነው። አንተ ግን እውነቱን ብናገር እዚያው የምትሞትብኝ መሰለኝ። ፈራሁልህ፣ አባባ።»